የበቆሎ አረም፥ ጉዝጓዝና መድኃኒት



ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኘው ጉቴ በክረምት ወራት በበቆሎ ማሳ የተከበበች ከተማ ናት። መንገደኛው አዝመራውን አይቶ ይደሰታል፤ ከበቆሎው ሥር በየዓመቱ የሚደረገውን ትግል ግን ልብ አይለውም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ትግል ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በቆሎ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ጥንተ መገኛው ሜክሲኮ ሲሆን፥ ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ዘሩ በመርከብ ተጭኖ ወደ አፍሪካ ገባ። በአንዳንድ የአገራችን ክፍል «የባሕር ማሽላ» መባሉም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያመለክታል። በወለጋ ምድርም የሚስማማውን ዝናብና ሙቀት አገኘ። ነገር ግን ለበቆሎው የተመቸው ዝናብ ለመጭውም፥ ለእንግጫውም፥ ለሰርዶውም ይመቻል። በቆሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተዳደጉ ዝግ ያለ፥ በመስመሮቹም መካከል ሰፊ ቦታ የሚተው ስለ ሆነ፥ አረም የሚጎዳው ይልቁንም በዚያ ወራት ነው።

አባቶቻችን ለዚህ መላ አልጠፋቸውም። መሬቱን ደጋግመው አርሰው ይዘራሉ፤ በእጅ ያርማሉ፤ ቡቃያው ከፍ ሲል በሬ ጠምደው በመካከሉ ይሸለሽላሉ። ሽልሻሎ አረሙን ይነቅላል፥ አፈሩንም ወደ አገዳው ያስጠጋል። ሥራው ሲበዛ ደቦ ይጠራል። ይሁን እንጂ በሬ የሌላት ባልቴት ወይም ረዳት ያጣ ሽማግሌ ጊዜው ሲያመልጠው፥ የዓመት ልፋቱ በአረም ተውጦ ይቀራል።

በባሕር ማዶ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተፈለገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ወዲህ «ቱ ፎር ዲ» የተባለው መድኃኒት ለገበያ ቀረበ፤ ይኸውም ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም እየገደለ በቆሎን የሚምር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከስዊዘርላንድ አትራዚን ወጣ። በ1962 ሃሪ ያንግ የተባለ ገበሬ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት መሬቱን ሳያርስ በቆሎ ዘርቶ ስሙ ተጠራ። በ1974 ግላይፎሴት ተከተለ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የአረም ነገር አለቀ ብለው ነበር፤ ሆኖም በ1970 ገና አትራዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች የማይገድሉት አረም መገኘቱ በጽሑፍ ተገልጾ ነበር። በአንድ መድኃኒት ብቻ መታመን አረሙን ማስለመድ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተቋቋመ፤ ባኮም ከቀደምት ጣቢያዎቹ አንዱ ሆኖ የአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ማእከል ለመባል በቃ። በ1993 ታዋቂው ቢኤች 660 የተባለ ዘር ወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት፥ መሬቱን ሳያርሱ፥ ያለፈውን ዓመት አገዳ በላዩ ትቶ፥ ከመዝራት በፊት ግላይፎሴት መርጨትን በገበሬዎች ማሳ አሳየ። ከ2000 ጀምሮም በባኮና በአካባቢው ደጋግሞ ማረስ፥ ጥቂት አርሶ አገዳውን ማንሣት፥ ጥቂት አርሶ አገዳውን መተው ጎን ለጎን ተመዘኑ። የተሻለ ምርት የተገኘው አገዳው ከተተወበት ማሳ ነበር። ጥቂት በታረሱት ሁለት ማሳዎች መድኃኒት ተረጭቶ ሳለ፥ ልዩነቱን ያመጣው ጉዝጓዙ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉዝጓዝ የፀሐይ ብርሃንን ስለሚከለክል ብርሃን የሚሻው ደቃቅ የአረም ዘር አይበቅልም፤ እርጥበትንም ይጠብቃል። ሥሩ ጠልቆ የከረመው ሰርዶ ግን ጉዝጓዙን ጥሶ ይወጣልና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ላብላብን ወይም ሙኩናን የመሰለ የሽፋን ሰብል ዘርቶ በጊዜው አጭዶ ማንጠፍም እንዲሁ ይረዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ ለየብቻ የሚደክሙት ሁለቱ በአንድነት ይበረታሉ። ነገር ግን መሬት ላይ የሚረጭ መድኃኒት በጉዝጓዙ ላይ እንዳይቀር ዝናብ አጥቦ ወደ አፈሩ ሊያወርደው ይገባል። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ግላይፎሴትን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መደብ መድቦታል፤ ሌሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በዚህ አልተስማሙም። ስለዚህም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ መርጨት፥ ባዶውንም ዕቃ ለውኃ መቅጃ ማዋል ፈጽሞ የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ዘዴ ስለ ምን አልተስፋፋም ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከማሳው ውጭ ነው። አገዳው የከብት መኖ፥ የምድጃ ማገዶና የአጥር መሥሪያ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ሁሉ ማሳ ለማሳ ይሰማራል፤ በምዕራብ ወለጋ ደግሞ ምስጥ የተረፈውን ይጨርሳል። አገዳውን ትቶ የሄደ ገበሬ በማግሥቱ ባዶ መሬት ያገኛል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ እርሻ ወረቀት የምንጽፍና የምንፈርም ሁላችን ይህን ልናስብ ይገባል። መድኃኒት በሊትር ቆጥሮ ማከፋፈል ቀላል ነው፤ በሪፖርትም ላይ ያምራል። ስለ ግጦሽ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መምከር፥ ለከብቱ ሌላ መኖ ማብቀል፥ ለምድጃውም ሌላ ማገዶ መፈለግ ግን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ ካልተደረገ መድኃኒቱ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ መድኃኒት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ታሪክ አሳይቶናል።