ቆሮሶና በሶብላ በአንድ ውሃ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር በምንኖር ወገኖች መካከል ስለ «አኳፖኒክስ» የሚወራው በዝቷል። አንዱ ጋራዡ ውስጥ ገንዳ ተክሎ ዓሣና ሰላጣ ጀምሯል ይባላል፤ ሌላው አገር ቤት በሰፊው ሊሠራበት ገንዘብ ያሰባስባል ይባላል። ነገሩ ዓሣ በሚረባበት ውሃ አትክልት ማብቀል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ግን የአሜሪካ አዲስ ግኝት ተደርጎ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ሊያወጣበት ያሰበ ሰው የኋላ ታሪኩን ቢያውቅ አይከፋም። ታሪኩ ከሚወራው በላይ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይም የጣናና የዝዋይ ልጆች በስሙ የሚጠሩት ዓሣ አለበት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት። ዓሣ ከበላው መኖ የተረፈውን ናይትሮጂን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውሃው ያስወጣዋል። ውሃው ካልተለወጠ አሞኒያው ይጠራቀምና ዓሣውን ራሱን ይመርዘዋል። ይሁንና በአፈርና በውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት ዓሣን ብዙም አይጎዳም፤ ለአትክልት ግን ዋነኛ ምግብ ነው። ይህን የባክቴሪያዎቹን ሥራ በ1890 ገደማ ለይቶ ያሳየው ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው። እንግዲህ የአኳፖኒክስ ገበሬ ዓሣና አትክልት ብቻ ሳይሆን፣ ሳያያቸው እነዚህንም ያረባል ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ገንዳውን በሞላ ማግሥት ዓሣ አጭቆ የሚለቅ ሰው ጠዋት የሚያገኘው በጀርባው የተንሳፈፈ ዓሣ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩት ከሜክሲኮ አዝቴኮች «ተንሳፋፊ የአትክልት ቦታ» ነው። እውነቱን ለመናገር ቺናምፓ የሚባሉት እነዚያ መደቦች አይንሳፈፉም፤ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ ጭቃና እጽዋት ተከምሮባቸው፣ ዙሪያቸው በዛፍ ሥር የተያዘ መሬት ናቸው። ገበሬው ከቦዩ ሥር ለም ጭቃ እየዛቀ መደቡ ላይ ያፈሳል። ስፔናውያን በ1521 ቴኖችቲትላንን ሲይዙ ከተማዋ ከምግቧ ጥሩ ድርሻ የምታገኘው ከነዚህ መደቦች ነበር፤ ሾቺሚልኮ በተባለው ቦታ ዛሬም ይታረሱባቸዋል። በቦዮቹ ውስጥ ዓሣ ቢኖርም ሥራውን የሚሠራው ጭቃው ነው። ስለዚህ ለአኳፖኒክስ ዘመድ ናቸው ብንል እንስማማለን፤ አባት ናቸው ማለት ግን ማጋነን ነው።

አባት ከተፈለገ ወደ ቻይና መሄድ ይሻላል። በምሥራቃዊው የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ይኸውም ከ25 እስከ 220 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከሙታን ጋር ይቀበሩ ከነበሩት የሸክላ ቅርጾች መካከል ዓሣ የሚዋኝበት የሩዝ ማሳ የሚያሳዩ ተገኝተዋል። በዜጂያንግ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ቺንግቲያን ወረዳ ደግሞ ገበሬዎች ከ1,200 ዓመት በላይ በተራራ እርከን ላይ ሩዝና ካርፕ የተባለውን ዓሣ በአንድ ማሳ ሲያሳድጉ ኖረዋል። ቺንግቲያን ተራራ የበዛባት፣ የሚታረስ መሬት ያነሰባት ወረዳ ናት። ሰዎቿም እንደኛው ስደተኞች ናቸው፤ በአውሮፓ፣ በተለይም በስፔንና በጣሊያን ከሚኖሩት ቻይናውያን ብዙዎቹ ከዚያችና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ቤተሰብ ልጁን ሲድር ለማሳው ዘር የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች አብሮ የመስጠት ልማድም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2005 ይህን አስተራረስ በዓለም ደረጃ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የእርሻ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

የቻይና ሳይንቲስቶች ይህንኑ እርሻ ስድስት ዓመት አጥንተው ውጤቱን በ2011 አሳትመዋል። ዓሣ ያለበትና ዓሣ የሌለበት ማሳ የሰጡት የሩዝ ምርት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ዓሣ ያለበት ማሳ 68 ከመቶ ያነሰ ፀረ ተባይ መድኃኒትና 24 ከመቶ ያነሰ ማዳበሪያ መፈለጉ ነው። ዓሣው ምን ቢሠራ ነው ቢባል፣ ሲዋኝ የሩዙን አገዳ እየገፋ ተባዩን ውሃው ላይ ያረግፈዋል፣ ይለቅመዋል፤ አረሙንም ይበላል፤ ከበላው የሚወጣው ደግሞ ሩዙን ይቀልባል። ዓሣውም በበኩሉ ሩዙ ጥላ ሆኖለት ከበጋው ሙቀት ያርፋል። ይህን ሁሉ የቺንግቲያን ገበሬ ስለ ናይትሬት ሳይሰማ ያውቅ ነበር።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ፣ በ1969 ጆን ቶድ፣ ባለቤቱ ናንሲ ጃክ ቶድና ዊልያም ማክላርኒ «ኒው አልኬሚ ኢንስቲትዩት» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። በማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ላይ አንድ እርሻ ይዘው ብርሃን በሚያሳልፍ የፋይበር ግላስ በርሜል ዓሣ ያረቡ፣ በዓሣው ውሃ አትክልት ያጠጡ ጀመር። በ1976 የኖኅን መርከብ ስም የሰጡትን፣ በፀሐይ የሚሞቅ፣ ዓሣና አትክልት አንድ ላይ የሚያድጉበትን ቤት በኬፕ ኮድም በካናዳዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትም ሠሩ። የካናዳውን መርቀው የከፈቱት ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ነበሩ። ድርጅቱ በ1991 ተዘጋ። ሐሳቡ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ፤ በ1980ዎቹ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርክ ማክመርትሪ የዓሣውን ውሃ በአሸዋ መደብ እያሳለፈ ቲማቲምና ኪያር አመረተበት።

እነዚህ ሁሉ ያረቡት ዓሣ ቲላፒያ ይባላል። ዛሬ በዓለም በስፋት የሚረባው የቲላፒያ ዓይነት ደግሞ የእኛው ቆሮሶ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 «ኒሎቲከስ» ብሎ፣ የአባይ ዓሣ ማለቱ ነው፣ ስም ያወጣለት ይኸው ነው። በግብፅ ቴብስ ከነባሙን መቃብር ወጥቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚታየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ የተሣለው የአትክልት ቦታ ሥዕል ቆሮሶና የውሃ አበባ በአንድ ኩሬ ያሳያል፤ ለንደን ያላችሁ ሄዳችሁ ብታዩት አይቆጫችሁም። የጣናው ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ በ1992 በሳይንስ ተመዝግቧል። ዓሣው ከአፍሪካ ወጥቶ እስያ የደረሰበት መንገድም ራሱን የቻለ ተረት ይመስላል። በ1962 ከግብፅ ወደ ጃፓን ተወሰደ፤ በ1965 ደግሞ የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል 50 ያህል ላኩላቸው፤ ንጉሡም በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አራብተው ለገበሬ አከፋፈሉት። ቆሮሶ ሙቀት ይችላል፣ መጨናነቅ ይችላል፣ ውሃው ትንሽ ቢበላሽበትም ይታገሣል፤ በልቶ የማያድግበት ነገርም ጥቂት ነው። ገንዳ ውስጥ ለሚታጎር ዓሣ ከዚህ የበለጠ ጠባይ ከየት ይመጣል? በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለአባቶች እንተወው።

ይህ ዓሣ ከአኳፖኒክስ ጋር በይበልጥ የተቆራኘው በካሪቢያን ባሕር፣ ሴንት ክሮይ በተባለች ደሴት ነው። ደሴቲቱን አሜሪካ ከሌሎቹ ቨርጂን ደሴቶች ጋር በ1917 ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዝታታለች። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ሰው ከጣሪያው የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ ይጠጣል። ዶክተር ጄምስ ራኮሲ በ1980 እዚያ ወደሚገኘው ኮሌጅ፣ የኋላው የቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ፣ ሲመጡ የገጠማቸው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ውሃ በሌለበት እንዴት ዓሣ ይረባል? ውሃውን እያዞረ ደጋግሞ የሚጠቀም የተለመደ የዓሣ እርባታ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ከመቶ የሚሆነውን ውሃ እየደፋ በአዲስ ይተካ ነበር። ራኮሲ የሚደፋውን አትክልት እንዲያጣራው አደረጉ።

ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል እያሻሻሉ የደረሱበት አሠራር እያንዳንዳቸው 7,800 ሊትር የሚይዙ አራት የዓሣ ገንዳዎችና፣ በፎም ላይ ተተክለው ሥራቸው ውሃ ውስጥ የሚንጠለጠል አትክልቶች ያሉባቸው 214 ካሬ ሜትር መደቦች ነበሩት። ጠቅላላው ውሃ 110,000 ሊትር ያህል ሲሆን በየቀኑ የሚጨመርለት 1.5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ገንዳ በየስድስት ሳምንቱ ተራው ደርሶ ዓሣው ይለቀማል፤ የዓመቱ ምርት ከ4 እስከ 5 ቶን ይገመት ነበር። ካበቀሏቸው አትክልቶች መካከል በሶብላና ባሚያ ይገኙበታል፤ በሶብላው በተራ መሬት ከተተከለው ሦስት እጥፍ ያህል ሰጥቷል። እንግዲህ በዚያች ደሴት ቆሮሶ ከበሶብላ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ የቀረው በርበሬና ድስት ነው።

ይህን ያህል ከተባለ ዘንድ ስለ ገንዘቡም መነሣት አለበት። የዓሣ መኖ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ብረት ለአትክልቱ በበቂ አይሰጥም፤ ራኮሲም እነዚህን ከውጭ ይጨምሩ ነበር። መኖው ይገዛል። ፓምፑና አየር መንፊያው ሌሊትና ቀን መሥራት አለባቸው፤ በዓሣ የተሞላ ገንዳ መብራት ጠፍቶበት መጠባበቂያ ከሌለው ባጭር ጊዜ ያልቃል፤ አገር ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ይህን ሳያስብ ባይሄድ ጥሩ ነው። በ2015 በታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከተጠየቁት 257 የአኳፖኒክስ ነጋዴዎች መካከል ባለፈው አንድ ዓመት አተረፍን ያሉት ከሲሶ በታች ናቸው። የማትረፍ ዕድላቸው የተሻለውም ከዓሣና ከአትክልት ሌላ ዕቃ፣ ምክርና ሥልጠና የሚሸጡት ሆነው ተገኝተዋል። የቺንግቲያን ገበሬ የሚሸጠው ሥልጠና አልነበረውም፤ ፓምፕም አልነበረውም፤ ውሃው ከተራራው ራሱ ከእርከን ወደ እርከን ይወርድለት ነበር።