የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ደመወዝ

የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ደመወዝ የተወካዮች ምክር ቤትና የሴኔት አባላት ከአገሪቱ ግምጃ ቤት የሚያገኙት ክፍያ ነው። ሕገ መንግሥቱ መጠኑ በሕግ እንዲወሰን ስለሚያዝ፣ ሕግ አውጪዎቹ የገዛ ራሳቸውን ደመወዝ ይወስናሉ። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ከ200 ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1789 አባላቱ በስብሰባ ለተገኙበት ለእያንዳንዱ ቀን 6 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። በ1816 የቀን አበሉ በ1,500 ዶላር ዓመታዊ ደመወዝ ተተካ። መራጮች ግን ተቆጡ፤ ብዙ አባላትም በተከታዩ ምርጫ መቀመጫቸውን አጡ፤ ሕጉም ተሻረ። በ1873 ደመወዙ ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር አደገ። ጭማሪው ላለፉት ሁለት ዓመታት ጭምር እንዲታሰብ በመደረጉ «የደመወዝ ንጥቂያ» የሚል ስም ወጣለት፤ በዓመቱም ተሰረዘ።

27ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ

ጄምስ ማዲሰን በ1789 ያቀረበው ይህ ማሻሻያ፣ የደመወዝ ለውጥ ሥራ ላይ የሚውለው ቀጣዩ የተወካዮች ምርጫ ከተካሄደ በኋላ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በቂ ግዛቶች ስላላጸደቁት ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ፤ ኦሃዮ ግን በ1873 የዚያን ዓመት ጭማሪ በመቃወም አጸደቀችው።

በ1982 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ግሪጎሪ ዋትሰን፣ ማሻሻያው የጊዜ ገደብ ስላልተቀመጠለት አሁንም ሊጸድቅ እንደሚችል በትምህርት ጽሑፉ አስረዳ። ያገኘው ውጤት «ሲ» ነበር። ዋትሰን ግን ለየግዛቶቹ ምክር ቤቶች ደብዳቤ መጻፉን ቀጠለ። በ1992 የግዛቶቹ ሦስት አራተኛ ድጋፍ ተሟልቶ ማሻሻያው ጸደቀ። ዩኒቨርሲቲውም በ2017 ውጤቱን ወደ «ኤ» ቀየረለት።

የአሁኑ ክፍያ

ከ2009 ጀምሮ የአንድ ተራ አባል ደመወዝ በዓመት 174,000 ዶላር፣ የአፈ ጉባኤው ደግሞ 223,500 ዶላር ነው። በ1989 በወጣ ሕግ መሠረት ደመወዙ በየዓመቱ በራሱ ማደግ ይችላል፤ ሆኖም ኮንግረሱ ጭማሪውን ደጋግሞ አግዷል። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ አባል የጡረታ መብት አለው።

ክርክር

ጭማሪን የሚቃወሙ ወገኖች ክፍያው ከአብዛኛው ሠራተኛ ገቢ እጅግ እንደሚበልጥ ያነሳሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው አባላቱ በዋሽንግተንም በመረጣቸው አካባቢም ቤት መያዝ ስላለባቸው፣ ደመወዙ ካላደገ ምክር ቤቱ የሀብታሞች ብቻ ይሆናል ይላሉ።