የሐኪም ተመራማሪዎች ምርጫ፤ የአንድ ጠባብ በር ታሪክ

በሽተኛን ማከምና የበሽታን ምንጭ መመርመር ከጥንት ጀምሮ የተቀራረቡ ተግባራት ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሰው ላይ በሥርዓት ለማጣመር የታቀደው ትምህርት የሰባ ዓመት ያህል ዕድሜ ብቻ ያለው ነው። የሕክምና ዶክተርነትንና የምርምር ዶክተርነትን፣ ማለትም ፒ.ኤች.ዲ.ን፣ አጣምሮ የሚሰጠው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1956 ክሊቭላንድ ከተማ በሚገኘው በዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን ያመጣው የዘመኑ የሳይንስ ዕድገት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥነ ሕይወት እስከ ሞለኪውል ድረስ ዘልቆ በመግባቱ፣ በሕክምና ትምህርት ብቻ የሠለጠነ ሐኪም የቤተ ሙከራውን ቋንቋ መከተል አዳጋች ሆነበት። ተመራማሪው በበኩሉ የሚያጠናው በሽታ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ሥቃይ ከቅርብ ሳያይ ይሠራ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1962 የተቋቋመው የጠቅላላ ሕክምና ሳይንስ ብሔራዊ ተቋም፣ በ1964 ለሦስት የትምህርት ተቋማት ገንዘብ መደበ። እነርሱም በኒው ዮርክ የሚገኙት የአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በኢሊኖይ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ተማሪው የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቅ የመተዳደሪያ አበል እያገኘ ይማራል። በአንጻሩ ከወጣትነቱ ስምንት ዓመት ያህል ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ በመሆኑ የሚሰጡት ቦታዎች ጥቂት ሆኑ። የውድድሩም መነሻ ይኸው ነው።

ይሁንና በዚያን ጊዜ ወደ ምርምር የሚያደርሰው መንገድ ይህ ብቻ አልነበረም። ወጣት ሐኪሞች ለውትድርና በሚመለመሉበት ዘመን፣ ቤቴዝዳ በሚገኙት ብሔራዊ የጤና ተቋማት በምርምር ማገልገል እንደ ግዴታ አገልግሎት ይቆጠር ነበር። በተለይ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ይህን ዕድል ለማግኘት የሚደረገው ፉክክር እጅግ የበረታ ነበር። በ1968 ወደዚያ ከገቡት መካከል ማይክል ብራውን፣ ጆሴፍ ጎልድስታይን፣ ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ሃሮልድ ቫርመስ ይገኛሉ። ከአራቱ አንዱም ፒ.ኤች.ዲ. አልነበረውም። ሆኖም ብራውንና ጎልድስታይን በ1985፣ ቫርመስ በ1989፣ ሌፍኮዊትዝም በ2012 የኖቤል ተሸላሚዎች ሆኑ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የቫርመስ ታሪክ ነው። እርሱ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የማስተርስ ዲግሪ የያዘ ሲሆን፣ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ ሳይቀበለው ቀርቷል።

ግዳጁ በ1973 ሲቀር ሐኪሞችን ወደ ምርምር ይገፋ የነበረው ኀይል ተዳከመ። በ1979 ጄምስ ዊንጋርደን የተባሉት ታዋቂ ሐኪም፣ ተመራማሪው ሐኪም ዘሩ ሊጠፋ እንደ ተቃረበ ፍጡር እየሆነ ነው ሲሉ በጽሑፍ አስጠነቀቁ። ከዚያ ወዲህ ጥምሩ ፕሮግራም የተጣለበት ተስፋ እየከበደ ሄደ፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉት ፕሮግራሞችም ከሦስት ተነሥተው ከ50 በላይ ሆኑ።

ታዲያ በሩ ምን ያህል ጠባብ ነው? በቅርብ ዓመታት በመላው አሜሪካ ለጥምር ዶክትሬት የሚያመለክቱት በዓመት ከ1,800 እስከ 2,000 ገደማ ሲሆኑ፣ የሚገቡት 700 ያህል ናቸው። ለሕክምና ትምህርት በአጠቃላይ ከሚያመለክቱት ከ50,000 በላይ ሰዎች ደግሞ ወደ 23,000 የሚሆኑት ይገባሉ። በቁጥር ብቻ ሲታይ ልዩነቱ የሚፈራውን ያህል ሰፊ አይደለም። ነገር ግን ወደ ጥምሩ ፕሮግራም የሚቀርቡት አስቀድመው ራሳቸውን የመረጡ ናቸው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ የኮሌጅ ውጤት ከ4 ነጥብ 3.8 ያህል ነው። ኤምካት በተባለው የመግቢያ ፈተናም ከፍተኛው ነጥብ 528 ሲሆን፣ የእነርሱ አማካይ ወደ 516 ይጠጋል።

እንዲህም ሆኖ ውጤት አመልካቹን እስከ ደጃፉ ቢያደርሰው እንጂ አያስገባውም። አመልካቹ ከመደበኛው ማመልከቻ ሌላ ሁለት ድርሰቶች ይጽፋል። አንደኛው ሁለቱን ዲግሪዎች ለምን እንደ ፈለገ የሚገልጽበት ሲሆን ከ3,000 ፊደላት አይበልጥም። ሁለተኛው የሠራቸውን ምርምሮች የሚያብራራበት ሲሆን እስከ 10,000 ፊደላት ይፈቀድለታል። የቦታው ስፋት ብቻ ክብደቱ ወዴት እንዳደላ ያመለክታል። መራጮቹ ማወቅ የሚሹት አመልካቹ የታዘዘውን ብቻ ይሠራ እንደ ነበር፣ ወይስ ጥያቄውን የራሱ አድርጎ፣ ሙከራው ሲከሽፍ ምክንያቱን እስከ መመርመር ደርሶ እንደ ነበር ነው። ይህንንም አብሮት ከሠራው ተመራማሪ ደብዳቤና ከቃል መጠይቁ ይረዳሉ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልምድ የሚገኘው ቤተ ሙከራ ባለበት ስፍራ ነው። በታናሽ ኮሌጅ የተማረ፣ ወይም ክረምቱን ለዕለት ጉርስ ሲሠራ የሚያሳልፍ ወጣት፣ አእምሮው ብሩህ ቢሆንም የሚጽፈው ታሪክ ያጥረዋል። የፌዴራሉ የሥልጠና ገንዘብም ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተወሰነ ነው። ስለዚህ በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሄደ አመልካች ከራሳቸው ገንዘብ የሚከፍሉትን ጥቂት ትምህርት ቤቶች መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እዚያው የተወለዱት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ይህ ገደብ አይመለከታቸውም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምርጫው አንድ ወጣት እስካሁን የሠራውን ይመዝናል፤ ወደፊት የሚሠራውን ግን አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። ሁለት ጊዜ የተመለሰው ቫርመስ ከጊዜ በኋላ የብሔራዊ የጤና ተቋማት ዋና ዳይሬክተር ለመሆን በቅቷል። እንግዲህ የሙያው ባልደረቦች ለተተኪው ትውልድ ሊያደርጉለት የሚችሉት ቁም ነገር ስለ ነጥብ ከመምከር ያለፈ ነው። ይኸውም ማመልከቻው ከመጻፉ ከብዙ ጊዜ በፊት የቤተ ሙከራቸውን በር ከፍተው፣ ጠያቂውን ወጣት ከጥያቄው ጋር ማገናኘት ነው።