የርቀት ትምህርት አዘገጃጀትና የጥራት መመዘኛ፤ ከመልእክት ትምህርት እስከ በይነ መረብ

መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት በማይገናኙበት ትምህርት፣ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ትምህርቱ በሚሰጥበት ሰዓት ሳይሆን በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ተማሪው ግራ ሲጋባ መምህሩ ከገጽታው ተረድቶ ምሳሌ ይለውጣል፤ ደግሞም ያስረዳል። በጽሑፍ ወይም በበይነ መረብ በሚሰጥ ትምህርት ግን አዘጋጁ አስቀድሞ ያላሰበውን ችግር ተማሪው ብቻውን ይጋፈጠዋል። የርቀት ትምህርት ታሪክም ይህንኑ እውነት ቀስ በቀስ የመረዳት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን የአጭር ጽሕፈት ትምህርት በፖስታ መስጠት ሲጀምር የጥራቱ ዋስትና ተማሪው የላከውን ወረቀት አርሞ መመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1971 ማስተማር የጀመረው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የዝግጅቱን ኃላፊነት ከአንድ ግለሰብ አውጥቶ ለቡድን ሰጠ። በዚህ አሠራር የትምህርቱ ጽሑፍ ተማሪው እጅ ከመድረሱ በፊት የሙያ ባልደረቦች ይነቅፉታል፤ ያሻሽሉታልም።

በበይነ መረብ ዘመን ይህ ልምድ በጽሑፍ የሰፈረ መመዘኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የተጀመረው ኳሊቲ ማተርስ የተባለው ሥራ ስምንት ዐበይት ነጥቦች አሉት፤ እነርሱም የትምህርቱ መግቢያ፣ የመማር ዓላማዎች፣ ምዘና፣ የመማሪያ ጽሑፎች፣ የተማሪው ተሳትፎ፣ ቴክኖሎጂ፣ ለተማሪው የሚሰጥ ድጋፍና ተደራሽነት ናቸው። የመመዘኛው እምብርት ዓላማው፣ የመማሪያ ጽሑፉ፣ ተግባሩና ምዘናው እርስ በርስ መጣጣማቸው ነው።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ነው። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 650/2001 እያንዳንዱ ተቋም የራሱ የውስጥ ጥራት ማጎልበቻ ሥርዓት እንዲኖረው ደነገገ። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ጉድለት ምክንያት የከፍተኛ ትምህርት የርቀት ፕሮግራሞችን አግዶ ነበር፤ እገዳውም በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ቁጥጥር ትምህርቱ ከተሰጠ በኋላ ሲመጣ ሸክሙ የሚያርፈው ጊዜውንና ገንዘቡን ባፈሰሰው ተማሪ ላይ ነው።

ጉዳዩ በተለይ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ ተቋማት ክብደት አለው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ መሠረት በ1989 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የገጽ ለገጽ ትምህርት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለክፍል የተሰናዳውን ትምህርት በርቀት ለማድረስ ተገደዱ። ከዚህ ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የጀመረው፣ ኢ-ሺ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ፕሮግራም በ50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለማሠልጠን አቅዷል።

የመመዘኛን ጥቅም በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። የአንድ ኮርስ ዓላማ «ሠልጣኙ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ያዘጋጃል» የሚል ሆኖ ሳለ ፈተናው እውነት ወይም ሐሰት በሚሉ ጥያቄዎች ብቻ ቢወሰን፣ ሠልጣኙ አንድም ዕቅድ ሳያዘጋጅ ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ይሆናል፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው። ዓላማና ምዘናን የሚያነጻጽር መመዘኛ ግን ይህን ገና በረቂቁ ላይ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣ መመዘኛ እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም። በገደብ፣ በቡሌ ወይም በኮቸሬ ወረዳ ሆኖ በእጅ ስልክ የሚማር መምህር መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲደክም ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት፣ ጽሑፉ አነስተኛ መጠን ያለው፣ አስቀድሞ ሊወርድና ያለ መስመር ሊነበብ የሚችል መሆን አለበት። ይህ በመመዘኛው ውስጥ ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ መስፈር ይኖርበታል እንጂ ለአዘጋጁ በጎ ፈቃድ የሚተው አይደለም።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን ከቡናው ሥራ ያውቀዋል። ሳይበስል የተለቀመ ቡና ጉድለቱ በመጨረሻው ምርመራ ቢታወቅም መልሶ አይበስልም፤ ጥራቱ የሚጠበቀው ቀዩን ፍሬ ለይቶ በመልቀም ነው። ኮርስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች መመዘኛውን የተቆጣጣሪ መዝገብ ከማድረግ ይልቅ ከመጀመሪያው ረቂቅ አንሥቶ በአዘጋጁ መምህር እጅ ማኖር፣ ለባልደረቦች ግምገማም በቂ ጊዜ መመደብ ይገባቸዋል።