የፈረስ ቼስትነት ዛፍ፦ ጥንተ አገሩና ሕመሞቹ

የፈረስ ቼስትነት በአውሮፓ መናፈሻዎችና ጎዳናዎች ለጥላውና ለአበባው ሲባል የሚተከል፣ እስከ 30 ሜትር የሚያድግ ዛፍ ነው። ጥንተ አገሩ የባልካን ተራሮች ቢሆኑም ወደ መካከለኛው አውሮፓ የገባው በቁስጥንጥንያ በኩል ነው። የዕፅዋት ሊቁ ክሉሲየስ ከዚያ የመጣለትን ዘር እ.ኤ.አ. በ1576 ቪየና ላይ ተከለ። በለንደን አቅራቢያ የሚገኘው የቡሺ ፓርክ ጎዳና ደግሞ በ1699 ግራና ቀኙን በዚሁ ዛፍ ተዋበ።

ዘሩ ከቱርኮች ከተማ ስለመጣ ዛፉ የእስያ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። በአቴንስ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሄልድራይክ ግን በግሪክ ተራሮች ሰው ሳይተክለው እንደሚበቅል በ1879 አረጋገጠ። የቀጠፋቸውንም ቅጠሎች በወረቀት መሃል ተጭኖ ለናሙና አስቀመጠ።

ዛፉን ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። ከአንድ አገዳ ጫፍ ከ5 እስከ 7 ቅጠሎች እንደ እጅ ጣቶች ይዘረጋሉ፤ እንቡጡ ያጣብቃል፤ ነጭ አበባው ሽቅብ ይቆማል። ከሚበላው ቼስትነት መለየቱ ግን የግድ ነው፤ የፈረስ ቼስትነት ፍሬ መርዛማ ነውና። የሚበላው ቅጠሉ ነጠላና ጠርዘ መጋዝ፣ የፍሬው ሽፋንም በቀጫጭን እሾህ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የፈረስ ቼስትነት ሽፋን እሾህ ወፍራምና አልፎ አልፎ የበቀለ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በኦህሪድ ሐይቅ አካባቢ ዛፎቹ ገና በበጋ ቅጠላቸው ሲጠወልግ ታየ። ጥፋቱ የአንዲት ደቃቃ የእሳት እራት ነበር፤ እጮቿ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ገብተው ሥጋውን ይበላሉ። በ1989 ኦስትሪያ፣ በ2002 ለንደን ደረሰች። ከየት መጣች ለሚለው ጥያቄ ብዙ መላምት ተሰንዝሯል። አስደናቂው መልስ የተገኘው ከናሙና ክምችት ነው፤ ተመራማሪዎች ሄልድራይክ በ1879 ባደረቃቸው ቅጠሎች ውስጥ እጮቿን አብረው ተጨፍልቀው አገኟቸው። ነፍሳቷ ከመቶ ዓመት በፊትም በባልካን ነበረች ማለት ነው።

የእሷን ጉዳት ቅጠልን በሚያቃጥለው ፈንገስ ከሚመጣው ለመለየት ቅጠሉን ወደ ብርሃን ማንሳት ይበቃል፤ የእሷ ቡናማ ንጣፍ ብርሃን ያሳልፋል፣ እጩም በውስጡ ይታያል። የፈንገሱ ዙሪያ ቢጫ ነው። ሙሽሬዋ ክረምቱን በረገፈ ቅጠል ውስጥ ስለምታሳልፍ ቅጠሉን ጠርጎ ማስወገድ ቁጥሯን ይቀንሳል።

ሁለቱም ዛፉን እምብዛም አይገድሉትም። ገዳዩ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምዕራብ አውሮፓ የተስፋፋው ባክቴሪያ ነው፤ ግንዱ ላይ ዝገት የመሰለ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ቁስሉ ግንዱን ከዞረው ዛፉ ይደርቃል። ቀይ አበባ ያለው ዲቃላ እራቷን ይቋቋማል፣ ባክቴሪያው ግን እሱንም ያጠቃዋል።