ድንጋይ ያልያዘው የሰሜን ሸዋ ታሪክ

በለንደን ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ታዋቂ ሰዎች በኖሩባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ ክብ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ እግረኛው ማንንም ሳይጠይቅ አንብቦ ያልፋል። ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ላይ ይህን የሚጠብቅ መንገደኛ ብዙም ስለማያገኝ «ታሪካቸውን የዘነጉ ከተሞች» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እዚህ አገር ግን የሰሌዳውን ሥራ ሲሠራ የኖረው ስም ነው፤ የቦታ ስም፣ የታቦት ስም፣ የትምህርት ቤት ስም። ስም ደግሞ እንደ ሰሌዳ አንብበው የሚያልፉት አይደለም፤ ያስጠይቃል።

ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፤ ከሰፈር ሰፈር ይዞር የነበረው ቤተ መንግሥትም እዚያ ረጋ፤ ንጉሡ የመጨረሻ ዓመታታቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በዚሁ ነው። ብርሃኑን በ1448 ዓ.ም. ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን ነገሩን ከሌላ ጋር ያገናኘዋል፦ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግረው በሞቱ በ38ኛው ቀን ነው ብርሃኑ የታየው። ምልክቱም ለፍርዱ የተሰጠ የሰማይ ምስክርነት ተደርጎ ተቆጠረ። እብነ በረድ ላይ ቢጻፍ ኖሮ የመሥራቹ ስምና ዓመቱ ይበቃ ነበር፤ ውግሩን የሚጽፍ የሹም ቢሮ አይገኝም። «የምን ብርሃን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን መልሱን ከተከታተለ እነዚያ ሰዎች ዘንድ መድረሱ አይቀርም። የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ አፄ በእደ ማርያም ከተማውን ትተው ሄዱ፤ የያኔው ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ የለም፤ አሁን የሚታየውን ሥላሴን ያሠሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ቤተ መንግሥት በድንኳን በሚንቀሳቀስበት አገር ድንጋይ ታሪክ ሊሸከም አይችልም ነበር፤ ስሙ ግን ጎንደር ድረስ ተሻግሮ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መጠሪያ ሆነ ይባላል።

ስምም ቢሆን ይደበዝዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ተማርኩ የሚል ብዙ ነው፤ ሰውዬው በጣሊያን ወረራ ዘመን የሸዋ አርበኛ እንደነበሩና በ1930 ዓ.ም. እንደተሠዉ የሚነግርህ ግን ያንሳል። እንዲህ ላለው ቦታ ሰሌዳ ቢቆም እሰየው። ይሁንና የሚጎዳው ስም መደብዘዙ ሳይሆን በቁጥር መተካቱ ነው። ከ1967ቱ የከተማ ቦታ አዋጅ በኋላ ሰፈሮች የቀበሌ ቁጥር ለበሱ፤ ቁጥር ለመታወቂያና ለግብር ይመች ይሆናል እንጂ የሚያስጠይቀው ነገር የለም። የደበዘዘ ስም ቢያንስ የሚጠየቅ አዛውንት ይገኝለታል።

አንኮበር ላይ ጉዳዩ ጎላ ይላል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ የሸዋ መናገሻ እርሷ ነበረች። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጠመንጃ ለመሸጥ ግመሎቹን ነድቶ ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ እዚያ አልነበሩም፤ ገዢውን ፍለጋ እስከ እንጦጦ መውጣት ግድ ሆነበት። መንግሥቱ ከሄደ በኋላ አንኮበርን አንኮበር ያሰኙት ቁልቁለቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና የአልዩ አምባ ገበያ ናቸው። ለአውሮፓዊው እግረኛ የሚመቸው ምልክት፣ ማለትም አንድ ሰውና አንድ ቀን፣ ያለው ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ልጥ ማረፊያ ነው፦ በ1874 ዓ.ም. የሞተው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኛና ወፍ ሰብሳቢ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መቃብር። ታሪክን በጽሑፍ ምልክት ብቻ የሚለካ ሰው አንኮበርን የአንድ ወፍ ሰብሳቢ እንግዳ አገር አድርጓት ይመለሳል። ልጥ ማረፊያ የሚለው ስም ያስጠየቀው መንገደኛ ግን ቦታውን ለጣቢያው የሰጡት ምኒልክ እንደሆኑ፣ ያንኑ መንገድ ተከትሎ የመጣው ኢጣሊያዊው ፒዬትሮ አንቶኔሊም በ1881 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የውጫሌን ውል እንደተዋዋለ ይሰማል።