ቆጠራ ያጸናው ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመናዊው ቀዶ ጠጋኝ አውጉስት ቢር በኪል ከተማ በረዳቱ በሂልደብራንት እጅ ጀርባውን ተወጋ። ዓላማው ኮኬይን ከወገብ በታች ያለውን አካል ማደንዘዝ መቻሉን በራሱ ላይ ማየት ነበር። ሲሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም ስላለ ግን መድኃኒቱ ባከነ፤ የአከርካሪ ፈሳሹም አብሮ ፈሰሰ። ቢር ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ ዋለ፤ ቀና ሲል ራሱን ያመዋል፣ ሲጋደም ይተወዋል። መርፌው በኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ በተወው ቀዳዳ ፈሳሹ ሲያመልጥ አንጎልን ደግፎ የሚይዘው ይጎድላል፤ ሰውየው ሲቆም አንጎሉ ወደ ታች ስለሚሳብ ሕመሙ ይነሳል። ችግሩ ብርቅ አልነበረም፤ በ1956 ተመራማሪዎቹ ቫንዳምና ድሪፕስ ከአሥር ሺህ በላይ የአከርካሪ ማደንዘዣዎችን መርምረው ራስ ምታቱን ያገኙት ከመቶ 11 ያህሉ ላይ ነው።

መፍትሔው ከታካሚው ከራሱ ክንድ ደም ቀድቶ ከሽፋኑ ውጭ ባለው ክፍተት መውጋት ሆነ፤ ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ይህን በ1960 የጻፈው አሜሪካዊው ቀዶ ጠጋኝ ጄምስ ጎርምሊ ነው። ሲወጉ ደም የታየባቸው ታካሚዎች ራስ ምታቱ እንደሚቀልላቸው አስተውሎ፣ ራሱን ጨምሮ ሰባት ሰዎችን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር በሚሆን ደም አከመ። ስለዚህ ብዙዎች ሙሉ ክብሩን ለእርሱ ይሰጣሉ። ሐሳቡ የእርሱ ለመሆኑ ክርክር የለም። ነገር ግን የተነሣበትን ምልከታ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተጠራጥረውታል፤ ሰባት ሰው ደግሞ ማንንም አያሳምንም። አከርካሪ አጠገብ የገባ ደም ቢመረቅዝስ፣ ነርቮችን ቢያጣብቅስ የሚለው ስጋትም ተገቢ ነበር።

ሐሳቡን ሕክምና ያደረገው ቆጠራ ነው የምለው ለዚህ ነው። በ1970 ተመራማሪዎቹ ዲጆቫኒና ደንባር የደሙን መጠን ወደ 10 ሚሊ ሊትር አሳድገው 45 ታካሚዎችን ሲያክሙ 41ዱ እፎይ አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዲጆቫኒና ባልደረቦቹ የደሙን ጉዳት በፍየሎች ላይ መረመሩ። የሚያሰጋ ጉዳት ስላላገኙ ያኔ ጥርጣሬው ረገበ፤ ዘዴውም በየማደንዘዣ ክፍሉ ገባ።

ታዲያ ሐኪም ቁጥር እስኪሞላ ሲጠብቅ የሚሰቃየው ታካሚ ምን ይሁን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከ1960 እስከ 1970 በከንቱ የታመሙ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ቆጠራው የተጠራጣሪዎችን ብቻ ሳይሆን የአድናቂዎችንም አፍ ዘግቷል። የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች ከመቶ ዘጠናው በላይ ይድናል ሲሉ፣ በ2001 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ504 ታካሚዎች ላይ ሙሉ እፎይታ ያየው በሦስት አራተኛው ላይ ብቻ ነው። የደሙ መጠንም በሙከራ ተፈትሾ ዛሬ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ረግቷል፤ ጀርባው ላይ ግፊት የተሰማው ታካሚ ካለ ሐኪሙ ከዚያ በፊት ያቆማል። ስለዚህ መርፌው ሳይገባ በፊት ለታካሚው ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ አንዳንዱ ሁለተኛ ጊዜ መወጋት ያስፈልገዋል፣ ጥቂቱ ግን አይሻለውም።